የወተቱ ዳኛ

የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ሙሚና የምትባለውን ወተት ሻጭ በሐረር ግንብ በፈላና በር፣ በሕዝብ ፊት ሌባ አሰኟት፤ የለኩት ልክ ግን ልክ አልነበረም። መለካቱን ያስተማረቻቸው ሰገነት ነበረች። ያን ለት ጠዋትም እጇን አጣጥፋ፣ ደስ ብሏት፣ አጠገባቸው ቆማለች።

ሰገነት በዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ፋኩልቲ ሦስተኛ ዓመቷን ጨርሳ፣ የአንድ ዓመት የማስተማር ግዴታዋን ልትወጣ በ1963 መስከረም ሐረር የደረሰች ልጅ ናት። ከመጣች ጀምሮ የሚያናድዳት አንድ ነገር ነበር፤ ተማሪዎቿ ሁሉን ያውቃሉ፣ ምንም አይጠይቁም። ውሃ ከምንና ከምን ነው ስትላቸው ክፍሉ እንደ ቅዳሴ በአንድ ድምፅ ይቀበላታል። በምን አወቃችሁ ስትላቸው መጽሐፉን ከፍተው ገጹን ያሳዩአታል። አንድ ቀን ብልጭ ሲልባት ሰሌዳው ላይ «ውሃ ከኦክሲጅንና ከጨው የተሠራ ነው» ብላ ጻፈች። ክፍሉ በሙሉ አጎንብሶ ገለበጠው። ቅንድቡን እንኳ ያነሣ አልነበረም።

ሰሌዳውን ጠርጋ በትልልቁ ጻፈችበት፦ «ጠርጥር፤ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር።»

«ከዛሬ ጀምሮ የሳይንስ ትምህርት ይህ ነው» አለች። «የሰማችሁትን ሁሉ ጠርጥሩ፣ ከዚያ ለኩ። እኔንም ጨምሮ።»

መጠርጠሩስ ለሐረር ልጅ አዲስ አልነበረም። የጀጎል ሰው ከግንቡ ውጭ የሰፈረውን ይጠረጥራል፤ የክፍለ ጦሩ ሰፈር የጀጎሉን ይጠረጥራል፤ ሁለቱ ተባብረው ከሶፊ የሚመጣውን ባላገር ይጠረጥራሉ፤ ባላገሩ ደግሞ ሁሉንም። አዲሱ ነገር ጥርጣሬ ማርክ የሚያሰጥ መሆኑ ነበር። በተለይ ዑመር የሚባለው፣ አባቱ ጀጎል ውስጥ ጨርቅ የሚሸጡ፣ ምላሱ የሰላ ልጅ፣ ይህን ፈቃድ ካገኘ ወዲህ ከተማው አልቻለውም። ሥጋ ሻጩን «የወይፈን መሆኑን በምን ላምን?» ብሎ ጠይቆት አጥንት ተወርውሮበታል።

ዲሬክተሩ አቶ ኪዳነወልድ በቢሯቸው አንድ ቁም ሳጥን ሙሉ በእርዳታ የመጣ የሳይንስ ዕቃ ነበራቸው። ቁልፉን ግን ከአንገታቸው አያወልቁትም። ከሳቸው በፊት የነበሩት ዲሬክተር በአንድ የተማሪዎች ሰልፍ ምክንያት በአንድ ሌሊት ተነሥተው ወዳልታወቀ በረሃ ተዛውረዋል፤ ከዚያ ወዲህ አቶ ኪዳነወልድ የሚሰበረውንም የሚናገረውንም ሁሉ ይፈራሉ። ሰገነት ሁለት ሳምንት ስትመላለስባቸው ሰንብታ አንድ የወተት መለኪያ ተቀበለች።

«ቴርሞሜትሩንስ?» አለች።

«የቴርሞሜትሩን ነገር አታንሺብኝ! አንድ ነው የቀረን። እሱ ከተሰበረ ለኢንስፔክተሩ ምን አሳያለሁ?»

መለኪያው የብርጭቆ ዘንግ ነው። ሆዱ የተነፋ፣ ግርጌው በጥይት ፍሬ የከበደ። ወተት ውስጥ ሲለቁት ቀጥ ብሎ ይንሳፈፋል፤ ወተቱ ንጹሕ ከሆነ ከፍ ብሎ ይቆማል፣ ውሃ ከገባበት ይሰምጣል፤ አንገቱ ላይ ያለው ቁጥር ከወተቱ ገጽ ጋር ሲገጥም ይነበባል። ሠላሳ ገደማ ካለ ደኅና፤ ከዚያ ብዙ ከወረደ ውሃ አለበት። ሰገነት ጠዋት ያስገዛችውን ወተት ከምሳ በኋላ ክፍል ይዛ ገብታ በረጅም ብርጭቆ ቀዳችው። ሠላሳ። በጣሳ ውሃ ጨመረችበት፤ ዘንጉ ልጆቹ ዓይን ሥር ሰመጠ። ክፍሉ አጨበጨበ። በዚያ ትምህርት ቤት ማንም ተማሪ ከመጽሐፍ ውጭ አንድ ነገር እውነት ሆኖ ሲያይ የመጀመሪያው ነበር ማለት ይቻላል።

«ይሄማ ዳኛ ነው!» አለ ዑመር። ስሙም በዚያው ጸና። «ሚስ፣ ቅዳሜ ዳኛው ፈላና በር ችሎት ይዋልልን!»

ክፍሉ ሳቀ። ሰገነት ግን «ይዋል» አለች።

ፈላና በር ጠዋት ጠዋት ወተት ሻጮች ግንቡን ተደግፈው ይደረደራሉ። የሚበዙት ከሶፊ በኩል ሌሊቱን በእግራቸው የሚመጡ ናቸው፤ አፉ በሣር የተወተፈ ቅላቸውን ሲያወርዱ ወተቱ የኅዳርን ብርድ ጠጥቶ እንደ ምንጭ ውሃ ይቀዘቅዛል። ሙሚና ግን ቤቷ ከበሩ ቁልቁል፣ ጥሪ የሚሰማበት ነው። ሁለቱን ላሞቿን አልባ፣ ቅሉን በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ እንፋሎቱ ሳይበርድ ትደርሳለች። ሕፃን ያላቸው የወታደር ሚስቶች ሌላውን ሁሉ አልፈው ወደሷ የሚሮጡት ለዚህ ነው። የሌሎቹ ሻጮች ዓይን ቢቀላባትም አይፈረድባቸውም።

ልጆቹ ከዳር ጀመሩ። ሃያ ዘጠኝ። ሠላሳ። አንዷ እንዲያውም ሠላሳ አንድ ወጥቶላት እልል አለች። ሰው ተሰበሰበ። ሙሚና ጋ ሲደርሱ ዘንጉ ሰመጠ።

«ሃያ አምስት» አለ ዑመር። አውጥቶ ጠርጎ ደገመው። «ሃያ አምስት።»

«ምንድን ነው የሚለው?» አለች ሙሚና።

«አዴ፣ ዳኛው ውሃ አለበት ይላል» አላት፣ በአገሩ ደንብ እናት ብሎ እያከበረ።

«እኔ? ወላሂ ጠብታ ውሃ አልነካውም!»

«መማልማ ለማንም ይቀላል» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ።

ወይዘሮ ዘነበች የምትባል የሃምሳ አለቃ ሚስት፣ ልጇን እንዳዘለች ሰዉን ገፋ አድርጋ ወጣች። ክረምቱን ሙሉ ይህ ልጅ ተቅማጥ ይዞት፣ ሊያመልጣት ነው ተብሎ፣ ሰፈርተኛው ሁሉ አብሯት የሰነበተ ነው። የሙሚናን ወተት ታጠጣው ነበር። አልጮኸችም። ወደ ሰገነት ዞረች።

«አስተማሪያቸው አንቺ ነሽ እመቤቴ? ይሄ ዕቃ አይሳሳትም?»

«ሰው ነው እንጂ የሚዋሸው፣ ዕቃ አይዋሽም» አለች ሰገነት።

ዘነበች ቅሉን ከሙሚና እጅ ነጠቀችና ወተቱን ድንጋዩ ላይ ገለበጠችው። እንፋሎቱ ከድንጋዩ ላይ ሲነሣ ሰገነት አይታዋለች። አይታው ግን አላሰበችበትም።

ከዚያ ወዲያ ከሙሚና የሚገዛ ጠፋ። ልጆች መንገድ ላይ ሲያገኟት «ሙሚና ሃያ አምስት! ሙሚና ሃያ አምስት!» እያሉ ይከተሏት ጀመር። ወሬው ለአቶ ኪዳነወልድ ሲደርስ ግን ፊታቸው በራ፤ ትምህርት ቤቱ ለከተማው ያደረገው አገልግሎት ተብሎ በጥር በሚከበረው የወላጆች ቀን በሹማምንቱ ፊት እንዲታይ ወሰኑ። ሰገነትን ጠርተው ወንበር ሰጧት። ከዚያ በፊት ወንበር ሰጥተዋት አያውቁም።

ተናኘወርቅ ዓይኗ አብጦ የመጣችው በዚያው ሰሞን ነው። መስኮቱ አጠገብ የምትቀመጥ፣ ካልጠየቋት የማትናገር ልጅ ናት። አባቷ በክፍለ ጦሩ ጸሐፊ ናቸው፤ እናቷ አንዲት ላም አላቸው፣ የተረፋቸውን ለጎረቤት ይሸጣሉ። ዳኛውን ለአንድ ቀን አስፈቅዳ ወስዳ ነበር።

«የእናቴ ወተት ሃያ ስድስት ወጣ» አለች።

«እናትሽ ምን አሉ?»

«በጥፊ መቱኝ። ከዚያ ሠራተኛዋን ጠረጠሩ። ሠራተኛዋ ወንድሜን አለች። ወንድሜ እኔን። አባቴ ደግሞ ሁላችንንም። አሁን ቤታችን ማንም ከማንም ጋር አይነጋገርም።»

«እንግዲህ አንዳቸው አድርገውታል።»

«ራሴ አለብኩ፣ ሚስ። ማለቢያውን በፀሐይ አድርቄ፣ በሩን ቆልፌ። ያው ሃያ ስድስት ነው።»

ሰገነት ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። «እጅሽ እርጥብ ነበር። ወይም በደንብ አላነበብሽም። ዓይንሽን ከወተቱ ገጽ እኩል አድርጊ ብያለሁ።»

«እርስዎን ጨምሮ እንድንጠረጥር ነግረውናል» አለች ልጅቱ መሬት መሬት እያየች። «ዳኛውንስ ይጨምራል?»

ሰገነት ልትቆጣ ነበር፤ ግን እንድትጠረጠር የፈቀደችው ራሷ ናት፤ ቀኑ ሲደርስ ይህን ያህል ያማል ብላ አላሰበችም። የልጅቱን ቤት ጠየቀቻት።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ የተናኘወርቅ እናት ፊታቸውን እንዳጠቆሩ በጋጣው ደጃፍ ቆመው፣ ሰገነት ከላሟ ጎን ተቀምጣ ዓይኗን ሳትነቅል፣ ተናኘወርቅ አለበች። ለኩት። ሃያ ስድስት ነው። ሰገነት ደገመችው፤ ያው ነው። የምትጠረጥረው ሰው አጣች። ብርጭቆውን ይዛ ስታስብ መዳፏ ሞቃት መሆኑ ታወቃት። ወተቱ ነበር ያሞቃት።

«ቀዝቃዛ ውሃ በሳፋ» አለች።

ብርጭቆውን ሳፋው ውስጥ አቁመው ጠበቁ። ዳኛው ሲታይ የማይታወቅ፣ ሲረሱት ግን የሚገኝ አካሄድ እየሄደ ወደ ላይ ወጣ። ሃያ ሰባት ሆነ፤ ሃያ ስምንት ሆነ፤ ብርጭቆው እጅ የሚያቀዘቅዝ ሲሆን ሠላሳ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ቆመ። ጠብታ አልተጨመረበትም፣ ጠብታ አልተቀነሰበትም።

ሰገነት ዘንጉን አውጥታ በቀሚሷ ጠረገችና ወደ ብርሃኑ አዞረችው። አንገቱ ላይ፣ ከቁጥሮቹ በላይ፣ ዓይን ካልጠበበ በማይነበብ የፈረንጅ ፊደል፣ መለኪያው ለምን ያህል ሙቀት እንደተሠራ ተጽፏል። አዲስ ነገር አልነበረም። ዩኒቨርሲቲ ተምራዋለች። ቴርሞሜትሩን ሲከለክሏት ትታው ነበር፤ እውነቱን ለመናገር፣ ቴርሞሜትሩንም ቢሰጧት «ሙቀቱን ካልለካችሁ ይህ ቁጥር ምንም ማለት አይደለም» ማለት ያንን ያማረ ትምህርት ሊያበላሽባት ስለነበረ ትታው ይሆናል።

«ትኩስ ወተት ይሳሳል» አለች። «ዳኛው የተሠራው ለቀዘቀዘ ነው። የሶፊዎቹ በመንገድ ሲመጡ ቀዝቅዞላቸዋል።»

«እንግዲያው ከነሱ ውሃ የጨመረች ብትኖር ብርዱ ሸፍኖላታል» አለች ተናኘወርቅ።

«ይሆናል።»

«ሙሚና ደግሞ ንጹሕ ናት።»

«እሱን አላልኩም። የተሳሳተ ልክ ሌባ ናትም አይል፣ ንጹሕ ናትም አይል። ስለሷ የምናውቀው ምንም የለም።»

«ታዲያ ምን ልንላት ነው?»

የተናኘወርቅ እናት ከደጃፉ «መጀመሪያ እኔን ምን እንደምትሉኝ ንገሩኝ!» አሉ። «ስለ እናንተ ዳኛ ስል ሠራተኛዬን ላባርር ነበር!»

ሰገነት በቀጥታ ወደ ዲሬክተሩ ሄደች። አቶ ኪዳነወልድ እስክትጨርስ ሰሟት፤ ከዚያ ተነሥተው መስኮቱን ዘጉ።

«ትምህርት ቤቱ ተሳስቷል ብለን ገበያ ላይ እናስለፍፍ ነው የምትይው?»

«እኔ ተሳስቻለሁ ብዬ እናገራለሁ።»

«ለአንዲት ወተት ሻጭ። ለባላገር።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ማን ነው እዚህ ነገር ውስጥ የከተተሽ?»

«ወተቱ ነው።»

«አትቀልጂ። እናንተ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ከወተት ጀምራችሁ የት እንደምትደርሱ እናውቃለን። ባላገር ተበደለ፣ ወታደር በደለ፣ ከዚያ ሰልፍ። ይህ ነገር ከዚህ ክፍል እንዳይወጣ።»

«እስከ መቼ?»

«ለዘለዓለም» አሉ ዲሬክተሩ።

በማግስቱ ከትምህርት በኋላ ሰገነትና ተናኘወርቅ በፈላና በር ወጥተው ቁልቁል ወረዱ። ዑመርም ሳይጠራ ተከተላቸው። «ሙሚና ሃያ አምስት» የሚለውን ስድብ ያወጣው እሱ ነው ይባል ነበርና ወሬውን ከሰማ ጀምሮ ምላሱ ታስሯል። ሙሚና በሯን ገርበብ አድርጋ በክፍተቱ አየቻቸው።

«ምን ቀራችሁ? ላሞቹም ውስጥ ዘንጋችሁን ልትነክሩ ነው?»

ሰገነት ስለ ሙቀቱ አስረዳቻት። ሙሚና በሩን አልከፈተችም፤ ግን አልዘጋችውም።

«ገባኝ» አለች ሲያበቃ። «እንግዲህ በሩ ላይ ቁሚና ንጹሕ ናት በዪልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም። ባሌ ሞቷል፤ ከነዚህ ላሞች በቀር የለኝም። እስከ መጪው ገበያ ሰው ካልተመለሰልኝ እሸጣቸዋለሁ፤ ገዢው መጥቶ ጥርሳቸውን አይቷል።»

«ንጹሕ ናት ልል አልችልም፣ አዴ ሙሚና። አላውቅማ። ዳኛው ተሳስቷል ብዬ ነው የምናገረው።»

«አላውቅም?» ሙሚና በሩን ወለል አደረገችው። «ያን ለትስ ታውቂ ነበር?»

ሙሚና ከደጃፉ ወጥታ ቀረበቻት።

«ስታዋርጂኝ ሳታውቂ ትችያለሽ። ስታነሺኝ ነው ማወቅ የሚያስፈልግሽ? ያ ረቢ! ይህን ነው ከአዲስ አበባ ያመጣሽልን?»

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለውን ሰገነት ስትሰማ ኖራለች፤ እዚህ ግን አይጥ መኖሯ እንኳ አልታወቀም። ልትሄድ ፈለገች። ያቆማት የተናኘወርቅ ቀጭን ድምፅ ነው።

«ያን ለት ትኩሱ ሃያ አምስት ነበር» አለች ልጅቱ፤ እያሰበች ነበር የምትናገረው። «የርስዎን ላሞች ሌላ ሰው ቢያልባቸው፣ ውሃ በሌለበት፣ እንደ ትኩስነቱ ብንለካው… ያው ሃያ አምስት ከወጣ ያን ለትም ምንም አልተጨመረበትም ማለት ነው። ከዚያ በላይ ከወጣ ግን…» አልጨረሰችውም።

«ከወጣ ሌባ ነኝ» አለች ሙሚና።

«ይቅርታ አዴ፣ አዎ።»

ሰገነት ልጅቱን አየቻት። እሷ ራሷ ይህን አላሰበችውም ነበር። ቀናችባት ማለት ይቻላል።

ሙሚና ወደ ላሞቿ፣ ከዚያ ወደ ልጅቱ አየች። «ማን ነው የሚያልበው? እኔ ካለብኩ አታለለች ይላሉ። አንቺ ካለብሽ ከሷ ጋር ተማክረሽ ይላሉ። ያቺ የሃምሳ አለቃ ሚስት ትምጣ። ወተቴን የደፋችው። እሷ ትለብ።»

«እምቢ ብትልስ?» አለ ዑመር።

«እምቢ ካለች ፈርታለች። ፈርታለች ብለህ ደግሞ ስም አውጣላት፤ ለዚህ ሥራ ጎበዝ ነህ።»

ዘነበች እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጣች፤ የመጣችው ግን ለማመን አልነበረም፣ ተንኮሉን ለመያዝ ነበር። እንደምትመጣ ወሬው ቀድሟት ስለነበር አጥሩ በሰው ተሞልቷል። ጓሮውን ዞረች። የውሃ እንስራውን ደጅ አስወጣች። ቅሉን ገልብጣ አራገፈችው፣ በአፉ ነፋችበት፣ በነጠላዋ ጫፍ ውስጡን አደረቀች። የሙሚናን እጅጌ ሳይቀር ጨበጥ ጨበጥ አድርጋ አየች።

«ጡቷንም ፈትሺው፣ እዚያ ውስጥ ምንጭ ቀብሬ ይሆናል» አለች ሙሚና ላሟን እያሳየች።

«እፈትሻለሁ! አገሬ ከብት ያረባሁ ነኝ፣ የሚያታልለኝ የለም።» ልጇን ለተናኘወርቅ አሳቀፈችና ተቀመጠች። እንደ ተናገረችውም ታውቅበታለች፤ ከሁለቱም ላሞች አከታትላ አለበች፣ ሙሚና እንደምታደርገው ቀላቀለችው። ቅሉን ከእጇ ሳታወጣ ራሷ ብርጭቆው ውስጥ ቀዳች። እንፋሎቱ ይታይ ነበር።

ዑመር ዘንጉን ለቀቀው። ዓይኑን ከወተቱ ገጽ እኩል አድርጎ ቆየ። ቀና ሲል ፊቱ ላይ ያ የድሮው ልጅ ተመልሷል።

«ሃያ አምስት!» አለ። «እትዬ ዘነበች፣ ስንት ጣሳ ጨመሩበት?»

አጥሩ በሳቅ ተናወጠ።

«አፍህን ዝጋ!» ዘነበች ከመቀመጫዋ ተነሣች። «እኔ? በማርያም፣ ጠብታ ውሃ አልነካውም! ሁላችሁ አይታችሁ የለም?»

«እኔም እንዲሁ ብዬ ነበር» አለች ሙሚና።

ሳቁ ቆመ። ዘነበች ብርጭቆውን አንሥታ ራሷ አየችው፤ ቁጥር ማንበብ ባትችልም ያን ለት የሰመጠበትን ቦታ ታስታውሳለች። ተናኘወርቅ ብርጭቆውን ተቀብላ እንስራው የተወሰደበት ደጅ ሄዳ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አቆመችው፤ ሰዉም አብሮ ሄደ። ማንም ሳይነካው ዘንጉ ሲወጣ ቆመው አዩት።

«የሞቀ ከሆነ ይዋሻል ማለት ነው» አለ አንድ ሽማግሌ።

«አይዋሽም» አለች ሰገነት። «እኛ ነን የጠየቅነውን ያላወቅነው። እኔ ነኝ። ያን ለት አላውቅም ማለት ሲገባኝ አይሳሳትም ብያለሁ። ሙሚና ውሃ አልጨመረችበትም።»

ጮክ ብላ ነበር የተናገረችው፤ ድምፅዋ እንደ ሰሌዳ ንባብ ደረቅ ነበር። የምታለቅስ የመሰላቸው ነበሩ፤ አላለቀሰችም። ዘነበች ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ልጇን መልሳ ተቀብላ ወደ ሰገነት ቀረበች።

«ታዲያ ልጄን ምን ነበር ያሳመመው?»

«አላውቅም።»

«ወተቱ አይደለም እያልሽኝ ነው?»

«እሱንም አላውቅም። ይህ መለኪያ ውሃን እንጂ በሽታን አያሳይም። ወተቱን አፍልተሽ አጠጪው፤ የምትጠጡትንም ውሃ አፍሉት። ይህን አውቃለሁ። ያለፈውን ክረምት ግን አላውቅም።»

«ይህን ሁሉ ተምረሽ» አለች ዘነበች። ስድብ አልነበረም፤ ከልቧ ገርሟታል። ክረምቱን ሙሉ ለልጇ ሕመም ስም ስትፈልግ ኖራ፣ ኅዳር ላይ ሙሚና የሚል አግኝታ ነበር። አሁን ያንንም ወሰዱባት። ወደ ሙሚና ሳትዞር «ነገ ጠዋት በሩ ላይ እጠብቅሻለሁ» አለች።

«ምን ልታደርጊኝ?»

«ልገዛሽ ነዋ! ምን አድርጊ ነው የምትይኝ፣ እግርሽ ላይ ልውደቅ?»

«መውደቁ ይቅር» አለች ሙሚና። «ማንም ግን ወተቴ ውስጥ ዱላ እንዳይነክርብኝ።»

ሰኞ ጠዋት ዘነበች ከሁሉም ቀድማ ቆመች። አንዳንዶቹ ተከተሏት፤ አንዳንዶቹ ገና ከሩቅ ያያሉ። ሙሚናም ከእንግዲህ ጣሳውን የምትሰጠው የገዢዋን ፊት በደንብ ካየች በኋላ ነው። ላሞቹን ግን አልሸጠችም።

በዚያው ቀን አቶ ኪዳነወልድ ሰገነትን አስጠሩ። በዚህ ጊዜ ወንበር አልሰጧትም።

«ባላገር ግቢ ውስጥ ስብሰባ አድርገሻል» አሉ።

«ላም አሳልበናል።»

«ስንት ሰው ነበር? ማን ተናገረ? ምን ተባለ?»

«እኔ ተናገርኩ። ተሳስቻለሁ አልኩ።»

አቶ ኪዳነወልድ ግንባራቸውን ጨበጡ። ከክፋታቸው ይልቅ ድካማቸው ይታይ ነበር። «ስሚኝ፣ ልጄ። የወላጆች ቀን ዝግጅት ለበላይ ተነግሯል። የወተቱ ነገር ይቀርባል፤ ያለዚያ ለምን ተተወ ብለው ይጠይቁኛል። የሚያቀርቡት አቶ ወርቁ ናቸው።»

«አቶ ወርቁ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው።»

«ዘንግ መንከር ያቅታቸዋል? ቀዝቃዛ ወተት እንሰጣቸዋለን። የሴትዮዋም ነገር እንደ መጀመሪያው ይነገራል፦ ተማሪዎቻችን ሕዝቡን ሲያታልል የኖረ ወተት ሻጭ አጋለጡ።»

«ሐሰት ነው። ሴትዮዋ ገና ትናንት ነው ስሟ የተመለሰላት። በሹማምንት ፊት ከተነገረ ከእንግዲህ የሚያነሣላት የለም።»

«ሐሰት አይደለም፣ ዝግጅት ነው።» መሳቢያቸውን ስበው የአገልግሎት ማስረጃዋን ጠረጴዛው ላይ አወጡት። ገና አልተፈረመበትም። «ያለዚህ አራተኛ ዓመት አትገቢም። አቶ ወርቁን አዘጋጂያቸው፣ በዕለቱም ዝም ብለሽ ተቀመጪ። ያኔ እፈርማለሁ።»

ሰገነት ወረቀቱን አየችው። አራተኛውን ዓመት ትፈልገዋለች፤ ከዚህች ከተማ፣ ከዚህ ሁሉ ተጠራጣሪ መሀል ወጥታ ቤተ ሙከራው ውስጥ ብቻዋን መቆምን በጣም ትፈልገዋለች። ለአንድ አፍታ እንዴት ዝም ብላ እንደምትቀመጥ አሰበች። ማሰብ ትችላለች፤ ያን ያህልም ከባድ አልነበረም። ከዚያ ወንበሮቹን፣ መጋረጃውን፣ በፊት ረድፍ የሚቀመጡትን ሰዎች ስታስብ አንድ ነገር ትዝ አላት፤ ልትስቅ ምንም አልቀራት።

«ወላጆች በሙሉ ተጠርተዋል?» አለች።

«በሙሉ።»

«ወይዘሮ ዘነበች የሰባተኛ ክፍል ተማሪ እናት ናት።»

አቶ ኪዳነወልድ ቀና አሉ። «የትኛዋ ዘነበች?»

«ትናንት ላሞቹን በገዛ እጇ ያለበችው። እኔ ዝም ብል እሷ አትልም፤ በደፋችው ወተት ያፈረች ሴት ናት።»

«አንቺ ነሽ ያመጣሻት፣ አንቺ ዝም አሰኚያት!»

«አቶ ወርቁን አላዘጋጅም» አለች ሰገነት። «ዘነበችን ደግሞ እርስዎ ዝም ያሰኟት።»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ትታ ወጣችና በሩን ዘጋችው።